ያልወጡ የሶል ቀረጻዎችን ፈልጎ ማግኘት፦ ከአቧራማው ሳጥን እስከ ዘፋኙ ደጃፍ

በዋሽንግተን ዲሲ 14ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ሰፈር ለብዙዎቻችን እንጀራ የሚበላበት፣ ዘመድ የሚቀጣጠርበት፣ የአገር ቤት ወሬ የሚሰማበት ሰፈር ነው። አፕሪል 4 ቀን 1968 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል በተሰማበት ምሽት የከተማዋ ሁከት የተነሣው ከዚሁ መስቀለኛ መንገድ ነበር። ሱቆች ነደዱ፣ መጋዘኖች ወደሙ። ሸክላ ሰብሳቢዎች እንደሚሉት በዚያ ሰሞን አመድ ከሆነው ንብረት መካከል ሽራይን የተባለው የዋሽንግተን ትንሽ የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ዓይነት) ሌብል፣ ማለትም ሸክላ አሳታሚ ድርጅት፣ ሳይሸጥ የቀረው የሸክላ ክምችት ይገኝበታል። ሽራይንን ያቋቋሙት ኤዲ ሲንግልተን እና ሞታውን የተባለው ትልቅ የሶል ሌብል መሥራች የቤሪ ጎርዲ የቀድሞ ባለቤት ሬይኖማ ጎርዲ ናቸው። የቆየው ጥቂት ዓመት፣ ያወጣውም ወደ 20 ገደማ ሸክላ ነው። ዛሬ ከእነዚያ አንዱ ብቅ ሲል ከእንግሊዝ እስከ ጃፓን ያሉ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

እኔ ፍለጋውን የጀመርኩት ይህን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ነው። ቡና የምጠጣበት መንገድ ላይ የአንድ ከተማ ድምፅ ተቃጥሎ እንደነበር ሳውቅ፣ የተረፈው የት አለ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙ ነገር ተርፏል። በጓዳ፣ በምድር ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን መጋዘን፣ በሟች ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ከዚህ በታች የምጽፈው ፍለጋው እንዴት እንደሚጀመር፣ የተገኘው ነገር እንዴት እንደሚያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው። ይህን የመጨረሻውን ካልሠራን ሸክላውን ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ ሣጥን አዛወርነው እንጂ አላገኘነውም ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ ምን እንደምትፈልጉ ለዩ

ብርቅ ሸክላና ያልወጣ ቀረጻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርቅ ሸክላ ታትሞ ለሽያጭ የቀረበ፣ ነገር ግን ጥቂት ቅጂ ብቻ የተረፈው ነው። ያልወጣ ቀረጻ ግን ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ ለሕዝብ ሳይደርስ የቀረ ነው። የኋለኛው በሦስት መልክ ይገኛል፦ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሊላክ በጥቂቱ የታተመ ናሙና ሸክላ፣ ስቱዲዮው ለዘፋኙ አዳምጥ ብሎ በአንድ ወይም በሁለት ቅጂ የሚቆርጠው አሲቴት፣ እና ዋናው የቴፕ ክር።

ዘፈን ተቀርጾ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። ያኔ ዲትሮይት በነበረው ሞታውን ዓርብ ዓርብ የጥራት ስብሰባ ይደረግ ነበር። የሳምንቱ ቀረጻ ይደመጣል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ያላለፈው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ የቀሩት ቀረጻዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሜምፊስ በነበረው ስታክስ በተባለው ሌብል ደግሞ ደራሲዎቹ ለሌላ ዘፋኝ የሚሰጡትን ዜማ ራሳቸው ዘፍነው በናሙና ያስቀምጡ ነበር። እነዚህ ናሙናዎች ከሌብሉ ቀረጻዎች ጋር ሳይሆን በዜማ አሳታሚው እጅ ስለቆዩ ለአሥርተ ዓመታት ያስታወሳቸው አልነበረም። ሼሪል ፓወልስኪ የተባለች ፕሮዲውሰር ከ15 ዓመት በላይ ስታሰባስብና ስታዳምጥ ቆይታ በ2023 146 ዘፈኖችን በ7 ሲዲ አወጣቻቸው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ሌብሉ ጋ ያልተገኘ ቀረጻ የዜማ አሳታሚው ጋ ሊኖር ይችላል።

የፍራንክ ዊልሰን ታሪክም መታወቅ ያለበት ነው። በ1965 በሞታውን ሥር በነበረው «ሶል» በተባለ ሌብል «ዱ አይ ላቭ ዩ» የሚለውን ዘፈን ቀረጸ። ናሙናው ከታተመ በኋላ ሸክላው ሳይወጣ ቀረ፣ የታተሙት ቅጂዎችም ተወገዱ፤ ዊልሰን በፕሮዲውሰርነት ሥራው ቀጠለ። ከተረፉት እጅግ ጥቂት ቅጂዎች አንዱ በ1970ዎቹ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ሰሜን እንግሊዝ በነበረው ዊጋን ካሲኖ የዳንስ አዳራሽ ተሰማ። አጫዋቹ ተቀናቃኞቹ እንዳያውቁበት ዘፋኙን «ኤዲ ፎስተር» ብሎ ነበር የሚያስተዋውቀው። በ2009 አንድ ቅጂ 25,742 ፓውንድ አወጣ፣ በ2020 ደግሞ በ100,000 ፓውንድ እንደተሸጠ ተዘገበ። ዋጋውን ያነሣሁት ለማማለል አይደለም። ሺዎች በዘፈኑ ሲጨፍሩ ትክክለኛው ስም ተሸፍኖ መቆየቱ ነው የሚያሳዝነኝ።

ሁለተኛ፦ ሸክላውን እንደ ሰነድ ማንበብ ተማሩ

ሣጥን ሙሉ ሸክላ ፊታችሁ ሲቀመጥ ሁሉንም ለማዳመጥ ጊዜ አይኖራችሁም። ዓይናችሁ መሥራት አለበት። መጀመሪያ የመሀሉን ወረቀት አንብቡ። ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በቅንፍ የሚጻፉት የደራሲዎቹ ስሞች ናቸው። ጎን ላይ የዜማ አሳታሚው ስም ይኖራል፤ ከእሱ ጋር ቢ.ኤም.አይ. ወይም አስካፕ ይላል፣ የደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስቡት ድርጅቶች ናቸው። «ፕሮዲውሰር» እና «አቀናባሪ» የሚሉትን ስሞች በማስታወሻችሁ ያዙ። ትልልቆቹን ሌብሎች እለፏቸው። በአንድ ከተማ ብቻ የኖረ፣ አድራሻው የመኖሪያ ቤት የሚመስል፣ የሸክላ ቁጥሩ 101 ወይም 102 የሆነ ሌብል ስታገኙ ቁሙ። ዘፋኙ ራሱ ገንዘብ አውጥቶ ያሳተመው ሊሆን ይችላል።

አድራሻ ዕድሜ ይናገራል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለ አምስት አኃዙን ዚፕ ኮድ የጀመረው በጁላይ 1963 ነው። ስለዚህ ዚፕ ኮድ ያለበት ወረቀት ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው፤ «ዋሽንግተን 9፣ ዲሲ» ብሎ ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ብቻ ካለ የቀድሞው አጻጻፍ ነው። በሁለት ፊደልና በአምስት አኃዝ የተጻፈ የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት ወይም በዚያው አካባቢ መሆኑን ያመለክታል።

ቀጥሎ ሸክላውን ከመብራት ሥር አዘንብሉና ሙዚቃው ካለቀ በኋላ በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ባዶ ቀለበት ተመልከቱ። እዚያ በመርፌ የተጫሩ ወይም በማኅተም የተመቱ ቁጥሮች አሉ። የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ማተሚያ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከነቁጥሩ ይጭርበት ነበር፤ ቁጥሩ ቅደም ተከተል ስላለው የታተመበትን ወር በግምት ለማወቅ ይረዳል። የኒው ዮርኩ ቤል ሳውንድ ስቱዲዮ ስሙን በማኅተም ይመታ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ቀለበቱ ላይ የተጫረው ካልተመሳሰሉ ማተሚያ ቤቱ በስህተት ሌላ ዘፈን ጭኖ ሊሆን ይችላልና ሳታዳምጡ አትተዉት።

በእጅ መለየትን የሚጠይቅም ነገር አለ። በ1960ዎቹ ብዙ የአሜሪካ ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከተባለ ርካሽ ፕላስቲክ ነበር የሚሠሩት። ስታይሪን ቀለል ያለ ነው፣ በጥፍር ሲመቱት ደረቅ የቀጭን ሳህን ድምፅ ይሰጣል፣ የመሀሉ ወረቀትም አብሮ የተጨመቀ ሳይሆን በሙጫ የተለጠፈ ነው። በደነዘዘ መርፌ ከተጫወተ ቶሎ ይፋቃል። ዋናው ቅጂ በስታይሪን መሠራቱ ከታወቀ፣ የቀረበላችሁ ግን ቪኒል ከሆነ፣ ኋላ ላይ የተጭበረበረ ቅጂ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የእንግሊዙ ኖርዘርን ሶል እንቅስቃሴ (በብርቅ የአሜሪካ ሶል ሸክላዎች የሚጨፈርበት) ብዙ አስመስለው የተሠሩ ሸክላዎችን አፍርቷል። የደበዘዘ ፊደል፣ ከፎቶ የተገለበጠ የሚመስል ሥዕል ሌላው ምልክት ነው።

ሦስተኛ፦ የት ይፈለጋል?

ሸክላ ቤት ውስጥ ያለው ሸክላ አንድ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ አልፏል። እናንተ ማንም ያላያቸው ሣጥኖች ዘንድ መድረስ አለባችሁ። አረጋዊ ሰው ሲሞት ወይም ወደ መጦሪያ ሲገባ ቤተሰብ የቤቱን ዕቃ የሚሸጥበት ቀን አለ፤ በአካባቢው ጋዜጣና በኢንተርኔት ይነገራል። ማልዳችሁ ሂዱ፣ ግን ሳሎን ውስጥ አትዘግዩ፣ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። የኪራይ መጋዘኖችም ክፍያ ያቋረጠ ተከራይ ሲኖር የተቀመጠውን ዕቃ በጨረታ ይሸጣሉ።

በመጋዘን ጨረታ ምን ሊገኝ እንደሚችል የሚያሳየው የሚንገሪንግ ማይክ ታሪክ ነው። ይህ የዋሽንግተን ሰው በወጣትነቱ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ፣ የሶል ኮከብ እንደሆነ አድርጎ በካርቶን ላይ የአልበም ሽፋን ይሥል፣ ሸክላውንም ከካርቶን ቆርጦ መስመር መስመሩን በቀለም ይሠራ ነበር። ዘፈኖችን ደግሞ ቤቱ ውስጥ በቴፕ ይቀርጽ ነበር። የመጋዘን ኪራይ መክፈል አቅቶት ሁሉም ተሸጠ። በ2003 አንድ ሰብሳቢ በዋሽንግተን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሣጥኖቹን አገኘ። ሰብሳቢው በሙያው መርማሪ ስለነበር ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘው። ሥራዎቹ በ2013 ወደ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገቡ። ልብ በሉ፦ ሰብሳቢው ዕቃውን ቸርችሮ ቢሸጠው ኖሮ ማንም አይከሰውም ነበር። ሰውየውን ለመፈለግ መረጠ።

ሌሎቹን ቦታዎች በአጭሩ ልጥቀስ። የተዘጋ የሬዲዮ ጣቢያ ቤተ መዛግብት ነጭ ወረቀት ያለባቸው ናሙና ሸክላዎች የሚገኙበት ነው፣ አጫዋቹ የደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ስለሚጽፍበት ለታሪክም ይጠቅማል። የጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን) አከራዮች ያረጁ ሸክላዎቻቸውን በጅምላ ያስቀምጡ ነበር። የሶል ዘፋኞች አብዛኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን የወጡ ናቸውና የሰፈሩን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አረጋውያን ጠይቁ። የድምፅ ባለሙያዎችና የስቱዲዮ ሠራተኞች ልጆች ደግሞ ከዘፋኞቹ ልጆች ይልቅ ብዙ ክር ይዘው ይገኛሉ፤ ደንበኛ ከፍሎ ያልወሰደው ቴፕ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀር ነበርና።

አራተኛ፦ ስታገኙት አታጫውቱት

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በጸጸት ነው። ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሟች ቤት ምድር ቤት ባለ 10 ኢንች አሲቴት በ3 ዶላር ገዛሁ። ከተለመደው ሸክላ ይከብዳል፣ በመሀሉ ካለው ቀዳዳ አጠገብ ሁለተኛ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የአንድ ወንድ የመጀመሪያ ስም፣ አንድ የዘፈን ርዕስና «ኮሎምቢያ» በሚለው ስም መነሻ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ገጹ በነጭ የሰባ ነገር ተሸፍኖ ነበር። ቤት እንደደረስኩ በአልኮል ጠረግሁትና በተራ መርፌ አሥር ጊዜ ያህል አዳመጥኩት። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ በአሥረኛው ጊዜ ግን ከፍ ያለው ዜማ በጩኸት ተውጦ ነበር።

ስሙ አሲቴት ይባል እንጂ ዲስኩ በአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ላከር (ቫርኒሽ መሰል ለስላሳ ሽፋን) የተቀባ ነው። ላከሩ ለስላሳ ስለሆነ እያንዳንዱ ጨዋታ ይፍቀዋል። አልኮል ላከሩን ይጎዳዋል። ያ ነጭ ሽፋን ላከሩ ሲያረጅ የሚያወጣው የሰባ አሲድ ነው፤ መጽዳቱ ትክክል ቢሆንም ሥራው የባለሙያ ነው። ስለዚህ አሲቴት ስታገኙ በጠርዙ ብቻ ያዙት፣ በንጹሕ ወረቀት ሸፍናችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ከሙቀት አርቁት። የሚጫወተውም አንድ ጊዜ፣ ሁሉ ነገር ለቅጂ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ላከሩ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ከሆነ ጨርሶ መርፌ አታስነኩት፤ በብርሃን የሚያነቡ ተቋማት አሉ።

የቴፕ ክር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቅሉን ወደ መብራት አንሡት። ብርሃን በጎኑ በኩል ካሳለፈ የጀርባው ፕላስቲክ አሲቴት (ከዲስኩ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል) ነው ማለት ነው፣ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ክሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ይህ ክር ሲበጠስ ንጹሕ አድርጎ ስለሚሰበር መልሶ መገጣጠም ይቻላል። የኮምጣጤ ሽታ ካለው መበስበስ ጀምሯል፣ ከሌሎቹ ለዩትና በቅድሚያ ቅዱት። ብርሃን የማያሳልፈው ፖሊስተር ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩ አንዳንድ የፖሊስተር ክሮች፣ በተለይ አምፔክስ 406 እና 456፣ የማግኔቱን ዱቄት የሚይዘው ማጣበቂያ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይሟሟል። ማጫወቻ ላይ ሲገቡ ይጮኻሉ፣ ቡናማ ቅሪት እየተዉ ይጣበቃሉ። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክር በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ በልዩ ማድረቂያ ያሞቁታል፤ ከዚያ በኋላ ለቅጂ የሚበቃ ጊዜ ይሠራል። በቤት ምድጃ አትሞክሩት። የአሲቴት ጀርባ ያለውን ክር ደግሞ ፈጽሞ አታሙቁ፣ ይጠፋል።

ሣጥኑንም እንደ ክሩ ጠብቁት። ላዩ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ብቸኛው ማስረጃ ነው። «ኤፍ.ኤስ.» ማለት ዘፈኑ ተጀምሮ ወዲያው የተቋረጠበት ሙከራ ነው፣ የተከበበ ቁጥር ደግሞ የተመረጠውን ሙከራ ያሳያል። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ሣጥኑን በአራቱም በኩል፣ ውስጡንም ጭምር ፎቶ አንሡ።

አምስተኛ፦ መቅዳት

ገንዘብ ካላችሁ ለታወቀ የማኅደር ባለሙያ ስጡት። ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ በ96 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ዌቭ ፋይል ቅዱ፤ ለማኅደር የሚመከረው ልክ ይህ ነው። ኤምፒስሪ ለመላክ እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም። ባለ አንድ ቻናል የሆነውን ሸክላ እንኳን በስቴሪዮ ቅዱት። መርፌው የሚሄድበት መስመር ሁለት ግድግዳ አለው፣ ብዙ ጊዜ አንደኛው ከሌላው ያነሰ ስለሚፋቅ በኋላ ደኅናውን ብቻ መርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ክር ስትቀዱ ደግሞ በፍጥነት አትጠቅልሉ፣ ፍጥነቱ 7.5 ይሁን 15 ኢንች በሰከንድ በጆሯችሁ አረጋግጡ፣ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ወሬ አትቁረጡ። ኢንጂነሩ «ሙከራ አራት» ብሎ የዘፋኙን ስም ሲጠራ የሚሰማው እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ አታጽዱት። ጩኸት መቀነሻ ፕሮግራም ዛሬ ያማረ የሚመስለውን ነገ ያበላሸዋል። ማጽዳት ካስፈለገ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሁን። ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። አትላንቲክ ሬከርድስ በ1978 ኒው ጀርሲ ሎንግ ብራንች ያለው መጋዘኑ ሲቃጠል በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች አጥቷል፣ ብዙዎቹም ያልወጡ ቀረጻዎች ነበሩ። ያ ሁሉ በአንድ ሕንፃ ነበር የተቀመጠው።

ስድስተኛ፦ ማን ነው የዘፈነው?

የፍለጋው ልብ ይህ ነው፣ ጊዜም የሚወስደው ይኸው ነው። መነሻችሁ ርዕስ ወይም የደራሲ ስም ከሆነ በቢ.ኤም.አይ. እና በአስካፕ የጋራ የመረጃ ቋት ፈልጉ። ዘፈኑ በጭራሽ ሳይወጣ ቢቀር እንኳን ተስፋ አትቁረጡ። በዚያ ዘመን ደራሲዎች ያልታተመ ዜማቸውን በኖታ ጽፈው በዋሽንግተን የቅጂ መብት ቢሮ ያስመዘግቡ ነበር። ያልታተሙት «ኢ.ዩ.» በሚል መለያ ፊደል በየዓመቱ መዝገብ ላይ ይወጣሉ፣ ርዕሱ፣ የደራሲው ሙሉ ስምና የተመዘገበበት ቀን ይጻፋል። የእነዚያ ዓመታት መዛግብት ገጽ በገጽ ተነሥተው በኢንተርኔት አርካይቭ በነጻ ይገኛሉ። ማንም ያልሰማው ዘፈን ርዕስ በዚያ ደቃቅ ፊደል ተጽፎ ሲገኝ የሚሰማው ስሜት በቃላት አይገለጽም።

ስም ከተገኘ ከተማውን ፈልጉ። «አፍሮ አሜሪካን»፣ «ቺካጎ ዲፌንደር» እና «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባሉት የጥቁሮች ጋዜጦች በየሳምንቱ የምሽት ክበቦችንና የቴአትር ቤቶችን ማስታወቂያ ያትሙ ነበር፤ በዋሽንግተን በ1910 የተከፈተው የሃዋርድ ቴአትር ማስታወቂያ ብቻውን የስም ማከማቻ ነው። «ቢልቦርድ» እና «ካሽ ቦክስ» መጽሔቶች ትንንሽ ሌብሎች ሲቋቋሙ በአንድ አንቀጽ ይዘግቡ ነበር። የየከተማው ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የነዋሪዎች ማውጫዎች አሉት፤ በዲሲ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማውጫውን ከመደርደሪያ አውርደው ያሳያችኋል። የሙዚቀኞች ማኅበር የስቱዲዮ ውሎችም አሉ፣ ማን ጊታር እንደመታና ስንት እንደተከፈለው የሚገልጹ። በመጨረሻም የሞት ማስታወቂያዎችን አንብቡ። «በወጣትነቱ ከባንድ ጋር ይዘፍን ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ ከሥሯ የልጆቹ ስም ተዘርዝሯል።

ያ የበደልኩት አሲቴት እንዲህ ነበር የተፈታው። ርዕሱን በ1964 መዝገብ ላይ አገኘሁት፣ ሙሉ ስሙም አብሮ ወጣ። ማውጫው በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን አድራሻ ሰጠኝ፣ የሞት ማስታወቂያው ደግሞ ባለቤታቸው በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ። ወዲያው አልደወልኩም፣ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤ ሰው ተረጋግቶ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጣል። ማን እንደሆንኩ፣ ዲስኩን የት እንዳገኘሁት፣ ለምን እንደጻፍኩ ገለጽኩና ገንዘብ እንደማልጠይቅ ጨመርኩበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ። አረጋዊቷ ሰላምታዬን እንኳን ሳይጠብቁ «ልጄ፣ የመጀመሪያው ስንኝ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ስንኝ እሳቸው በስልክ ዘፈኑልኝ።

ስትደውሉም ስትሄዱም የምታስታውሱት ነገር፦ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተታልለዋል። ውል ሳያነቡ አስፈርመዋቸዋል፣ ሸክላቸው በእንግሊዝ ተባዝቶ ሲሸጥ ሰባራ ሳንቲም አላገኙም። ጥርጣሬያቸውን በትዕግሥት ተቀበሉ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ውል አታንሡ። ቅጂውን አስቀድማችሁ ስጧቸው፣ በሚያዳምጡበት መሣሪያ አድርጉት። ለእኚያ እናት በሲዲ ነበር የወሰድኩላቸው፣ መኪናቸው ውስጥ የሚያጫውተው እሱን ብቻ ስለነበር።

ሰባተኛ፦ መብቱ የማን ነው?

ዲስኩን መግዛት ዘፈኑን መግዛት አይደለም። በእያንዳንዱ ቀረጻ ላይ ሁለት መብት አለ፦ አንዱ የዜማውና የግጥሙ፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ። የመጀመሪያው የደራሲው ወይም የዜማ አሳታሚው ነው። ሁለተኛው ስቱዲዮውን በከፈለው ሰው ወይም ሌብል እጅ ይሆናል፣ ይህም በውል ይወሰናል። ዘፋኙ ራሱ ከፍሎ ከነበረና ለማንም ካልፈረመ መብቱ የእሱ ወይም የወራሾቹ ነው የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በአሜሪካ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀረጹ ድምፆች ለረጅም ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲዳኙ ቆይተው በ2018 በወጣው ሕግ ወደ ፌዴራል ጥበቃ ገብተዋል። ከ1957 እስከ ፌብሩዋሪ 1972 ያሉት እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ይጠበቃሉ፣ ያልወጡትም ጭምር። «አሮጌ ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚል ሰው ስትሰሙ ይህን ንገሩት። በአውሮፓ ደግሞ የጥበቃው ዘመን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲራዘም በ50 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ያልቀረበ ቀረጻ ከማራዘሚያው አይጠቀምም ነበር። ሞታውን ከ1960ዎቹ ያልወጡ ቀረጻዎቹን በየዓመቱ ጥቅል ጥቅል አድርጎ በዲጂታል የለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ውል ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የሙዚቃ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ፤ ለአርቲስቶች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያገለግሉ ጠበቆች በትልልቅ ከተሞች አሉ።

ስምንተኛ፦ ወደ ሕዝብ ማውጣት

የቺካጎው ኑሜሮ ግሩፕ እና የለንደኑ ኬንት የእንዲህ ያሉ ቀረጻዎችን መብት በውል ወስደው፣ ታሪኩን ጽፈው የሚያወጡ ሌብሎች ናቸው። ቤተሰቡ ከተስማማ አገናኟቸው። ውሉ ለዘላለም ሳይሆን ለተወሰነ ዓመት ይሁን፤ ቅድሚያ ክፍያ ይኑረው፣ የሽያጭ ድርሻው በቁጥር ይጻፍ፣ ዋናው ክር ወይም ዲስክ መቼ እንደሚመለስ ይወሰን። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰቦች ይረሱታል።

ትክክለኛ አሠራር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አሥመራ በነበረው ቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮ የገባው የሶል ድምፅ በአዲስ አበባ የራሱን ቅላጼ ይዞ በቀለ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ያሳተማቸው ሸክላዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው፤ እሱ ራሱ ኋላ ዋሽንግተን ነበር የኖረው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ለኮንሰርት መጥቶ በዚሁ ከተማ ቀረ፣ ታክሲ እየነዳ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ የ1985 ካሴቱን አገኘ። ስልኩን ፈልጎ ደወለለት፣ ተስማሙ፣ በ2013 ካሴቱ እንደገና ወጣ። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። የተደረገው ነገር ቀላል ነው፦ ካሴቱን ያገኘው ሰው አስቀድሞ ስልክ ደወለ።

እናንተም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ባለ ቤታችሁ ምድር ቤት ከአገር የመጣ ካሴትና ክር ካለ፣ ከላይ ያለው አያያዝ በሙሉ ለእሱም ይሠራል።

የእኔ አሲቴት አሁንም አንድ ጎን ይቀረዋል። በጀርባው አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ ታጅባ ትዘፍናለች፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። ለአረጋዊቷ አሰማኋቸው፣ «እኔ አይደለሁም፣ የእሱም እኅት አይደለችም» አሉኝ። በፖስታው ላይ በእርሳስ «ያልታወቀች ዘፋኝ፣ ዋሽንግተን፣ ምናልባት 1964» ብዬ ጽፌ፣ ከዜማው መደጋገሚያ ሊሆኑ የሚችሉትን አምስት ርዕሶች ዘርዝሬያለሁ። የ1964ንና የ1965ን መዝገብ ጨርሻለሁ፤ ከትናንት በስቲያ የ1966ን ጀመርኩ።